ኩልል ያለ ድምፅ የሚሰጥ፣ በአቅም የሚገዛ ቲዩብ አምፕሊፋየር የትኛው ነው?

ስድስት ክር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጊታር አምፕሊፋየር ልለውጥ ነው፤ በቲዩብ፣ ማለትም በሚግል የመስታወት ቱቦ የሚሠራውን ዓይነት ነው የምፈልገው፤ ባነበብኩ ቁጥር ግን ግራ መጋባቴ ስለጨመረ ወደ እናንተ መጣሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኩልል ያለ ድምፅ። ሻካራ ድምፅ ስፈልግ ፔዳል አለኝ፤ ከአምፕሊፋየሩ አልጠብቅም። አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ድምፅ የሚቀበል ክፍል) ባለው ቴሌካስተር ጊታር ነው፤ አልፎ አልፎ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ያለው፣ ሆዱ ከፊል ክፍት የሆነ ጊታር አነሳለሁ። ማታ ማታ ቤት ውስጥ እለማመዳለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከድራመር፣ ከባስ ተጫዋችና ከድምፃዊት ጋር ልምምድ አለን። አሁን ያለኝ አነስተኛ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ነው። ድምፁ ንጹሕ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ክሩን በስሱ ብነካውም በኃይል ብመታውም መልሱ አንድ ዓይነት ነው። ጣቴን የሚሰማ አምፕሊፋየር ነው የምፈልገው።

አዲስ የፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ወይም ትዊን ሪቨርብ ከአቅሜ በላይ ነው። እጄ የሚደርሰው ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር፣ ቮክስ ኤሲ15፣ ሌኒ ከብ 12አር ወይም ያገለገለ ፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ ላይ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «15 ዋት ይበቃል፣ ጆሮህን አትጉዳ» ይለኛል፤ ሌላው «ከ40 ዋት በታች ንጹሕ ድምፅ የሚባል ነገር የለም» ይላል። ሁለቱም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። ማንን ልመን?


ቀጭን ፒክ፦

ብሉዝ ጁኒየር ግዛና ተገላገል። ለመሸከም ቀላል ነው፣ ሪቨርቡ (የማስተጋባት ድምፁ) ያምራል፣ መሸጥ ብትፈልግ ደግሞ ገዥ አያጣም። ይህን ያህል መጨነቅ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።


አሮጌ ብየዳ፦

ልጄ፣ ሁለቱም ጓደኞችህ ሳይጠይቁህ ያለፉት ጥያቄ አለ። ድራመራችሁ እንዴት ነው የሚመታው? በብሩሽ የሚያሽ ነው ወይስ ሲምባሉን የሚፈልጥ? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

እያንዳንዱ አምፕሊፋየር ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በታች እስካለህ ድረስ ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ባለ 5 ዋቱም ጭምር። ጣሪያውን ስትነካው የድምፁ ሞገድ አናት ይቆረጥና መሻከር ይጀምራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብህ «ይህ አምፕሊፋየር ንጹሕ ነው ወይ?» ብለህ ሳይሆን፣ ቅዳሜ ከድራመሩ ጋር ስትጫወት የምትፈልገው የድምፅ መጠን ከጣሪያው በታች ነው ወይስ በላይ ብለህ ነው።

ሰው የሚታለለው ዋት ላይ ነው። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። 3 ዴሲቤል «ትንሽ ከፍ አለ» የሚባል ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ15 ዋት ወደ 40 ዋት መሄድ ከ4 ዴሲቤል ትንሽ የሚበልጥ ጭማሪ ነው። ልዩነቱ አለ፤ ቁጥሩ እንደሚያስፈራራው ግን አይደለም።

አሁን ደግሞ ማንም የማያየውን ስፒከሩን ተመልከት። እያንዳንዱ ስፒከር አንድ ዋት ሲገባለት በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምፅ ተለክቶ ይጻፍበታል። ሴሌስሽን ባለ 25 ዋቱ ግሪንባክ 98 ዴሲቤል ነው፤ ቪንቴጅ 30 ደግሞ 100። ሁለት ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባለ 22 ዋት አምፕሊፋየር በ100 ዴሲቤል ስፒከር ሲጫወት፣ ባለ 98ቱን ከያዘ ባለ 35 ዋት ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ከ98 በታች የሚሰጡም አሉ፤ በተለይ 10 ኢንች የሆኑት። አንድ ስፒከር መለወጥ አንድ አምፕሊፋየር ከመለወጥ እጅግ ይረክሳል።

ስፒከሩን ስለሚገፉት ስለ ኃይል ቲዩቦቹም ልንገርህ። ብሉዝ ጁኒየርና ኤሲ15 ሁለት ሁለት ኢኤል84 ነው ያላቸው፤ ከሁለት ኢኤል84 የሚገኘው 15 ዋት ገደማ ነው። ላይኛው ድምፅ ጎላ ይላል፣ መሻከርም ቶሎ ይጀምራል። ዴሉክስ ሪቨርብ በሁለት 6ቪ6 22 ዋት ይሰጣል፤ ለስለስ ያለ ነው። ሆት ሮድ ዴሉክስ ሁለት 6ኤል6 አለው፣ 40 ዋት ነው፤ ባሱ ጸንቶ ይቆማል። ትዊን ሪቨርብ አራት 6ኤል6 ይዞ 85 ዋት ይደርሳል፤ ክብደቱም ወደ 29 ኪሎ ነው፣ ወገብህን ጠይቀው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እነዚህን ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሠሯቸው ሰዎች ሻካራውን ድምፅ የሚያዩት እንደ ጉድለት ነበር። ኤሲ15 በ1958 ወጣ፤ ሻዶውስ የተባለው ቡድን መድረክ ላይ ስላነሰው ነው ኤሲ30 የተከተለው። አንተ ዛሬ የምትፈልገውን ነው እነሱም ሲፈልጉ የኖሩት።


የማታ ልምምድ፦

ጋሼ ብየዳ፣ ስለ ቅዳሜው በደንብ አስረዱን፤ የማታውን ግን ዘለሉት። ወንድማችን ቤት ውስጥም እጫወታለሁ ብሏል።

ወንድሜ ስድስት ክር፣ የመጀመሪያዎቹን ሆት ሮድ ዴሉክሶች የሞከረ ሰው ያውቀዋል። የቮልዩም ማዞሪያው 1 ላይ ሹክሹክታ ነው፣ 2 ላይ ሳይደርስ የቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ መካከል ያለችውን የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ቦታ መፈለግ አድካሚ ነው። «ሦስት» የሚል ቁጥር በተጨመረበት በኋለኛው እትም ላይ ማዞሪያው ረጋ ብሎ እንዲወጣ ተስተካክሏል። ያገለገለ ስትፈልግ የትኛው እትም እንደሆነ ጠይቅ።

እኔ የምጫወተው በብሉዝ ጁኒየር ነው። ብዙ ሰው ንጹሕ ድምፅ አይሰጥም ብሎ የሚያማው ማዞሪያዎቹን ገልብጦ ስለሚጠቀምባቸው ይመስለኛል። ቮልዩምና ማስተር የሚባሉ ሁለት ማዞሪያዎች አሉት። ቮልዩሙን ከፍ፣ ማስተሩን ዝቅ ካደረግህ ምልክቱን መጀመሪያ የሚያጎሉት የፊተኞቹ ቲዩቦች ይጨናነቁና ድምፁ ይሻክራል። ንጹሕ ከፈለግህ ተቃራኒውን አድርግ፤ ማስተሩን እስከ ጥግ ክፈተው፣ መጠኑን በቮልዩሙ ብቻ ቆጣጠር። ፋት የሚለውን ማብሪያም አጥፋው። ማታ ቤት ውስጥ በዚህ አኳኋን በጣም ደስ የሚል ድምፅ አገኛለሁ። ከድራመር ጋር ስሆን ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በኃይል በመታሁ ቁጥር ዳር ዳሩ ይሻክራል። እኔ እወደዋለሁ። አንተ የምትወደው አይመስለኝም።


ቀዝቃዛ ሽቦ፦

ይህን ሁሉ አነበብኩ፤ ግርም ይለኛል። ሰውየው ንጹሕ ድምፅ እፈልጋለሁ አለ፤ እናንተ ደግሞ በተፈጥሮው እየተጨናነቀ የሚሻክር ቴክኖሎጂ ትመክሩታላችሁ። ሮላንድ ጄሲ-120 እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣ ጀምሮ የንጹሕ ድምፅ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ትራንዚስተር ነው፣ 120 ዋት ነው፣ የሚለወጥ ቲዩብ የለው፣ የሚሞቅ ነገር የለው። ያ ትልቅ ቢሆንበት ታናናሾቹ አሉ። ለቲዩብ መግዣ የሚወጣው ገንዘብ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥሩ ጊታር ይገዛል።


ስድስት ክር፦

አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ ቀዝቃዛ ሽቦ። ጄሲን ሞክሬዋለሁ፤ ድምፁ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ግን እዚያም ላይ ያው ነው የተሰማኝ፤ ክሩን ስነካው ድምፁ ከእጄ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚመጣ ይመስለኛል። ስሜት ብቻ ይሁን ወይስ ምክንያት ያለው ነገር፣ አላውቅም።


አሮጌ ብየዳ፦

ቀዝቃዛ ሽቦ የተናገረው ነገር ውሸት የለበትም። ንጽሕናን በመለኪያ ብቻ ከወሰድነው ትራንዚስተሩ ያሸንፋል፤ የሚያሳፍርም ምርጫ አይደለም።

ነገር ግን ስድስት ክር የሚሰማው ነገር ምክንያት አለው። ቲዩብ አምፕሊፋየር ጣሪያው ላይ ሲደርስ ሞገዱን በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ ቀስ ብሎ ያጎብጠዋል። ስለዚህ ጆሮህ «ሻከረ» ከማለቱ በፊት ረዘም ያለ ክልል አለ፤ እዚያ ውስጥ ጠንካራው ምት በጥቂቱ ይታፈናል፣ ደካማው ደግሞ ቀና ይላል። ጣቴን ይሰማል የምትለው ይህንን ነው። ሁለተኛ፣ የቲዩቡ ኃይል ወደ ስፒከሩ የሚያልፈው በመውጫ ትራንስፎርመር በኩል ነው፤ ቲዩቡም እንደ ትራንዚስተሩ ስፒከሩን አንቆ አይዝም። ስፒከሩ በተፈጥሮው የሚጮህባቸው ድምፆች፣ ዝቅተኛው የባስ እብጠትና ላይኛው ጫፍ፣ ትንሽ ከፍ ብለው ይወጣሉ። አየር ያለው ድምፅ የሚሉት እሱ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ግን ልብ በል። ጣሪያው በጣም ሩቅ የሆነ፣ ለምሳሌ 85 ዋት የሆነ ቲዩብ ገዝተህ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ብትጫወት፣ ከትራንዚስተሩ የምትሸሽበትን ነገር ብዙም አታገኘውም። ደስ የሚለው ድምፅ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ለዚህ ነው ዋት ማብዛት ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው።


ደወል፦

የኤሲ15 ባለቤት ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም። «ንጹሕ» ስትል ምን ዓይነቱን ማለትህ ነው? የፌንደሩ ንጹሕ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ባስና ትሬብሉ ቀድመው ይሰማሉ። የቮክሱ ንጹሕ የሚያቃጭል ነው፤ ኮርድ ስትመታ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል፣ ላይኛው ድምፅ ብልጭ ብልጭ ይላል። የኤሲ አሠራር በፌንደሮቹ ውስጥ ያለውን፣ ከመውጫው ጥቂት ድምፅ ወደ ኋላ መልሶ የሚያርመውን መስመር አይጠቀምም። ስለዚህ ሕያው ነው፤ ግን መሻከር ይቸኩላል፣ ከንጹሕ ወደ ሻካራ የሚያልፍበትም ድንበር በግልጽ አይታወቅም።

ኖርማል የሚለው ቻናል ቶፕ ቡስት ከሚባለው ከሌላው ቻናል ይልቅ ረጋ ያለ ነው፤ ለንጹሕ ድምፅ እኔ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምሰካው። በቴሌካስተር ቅዳሜ ላይ ታልፍ ይሆናል። በሃምበከሩ ግን ቶሎ ትሻክራለህ፣ ከአሁኑ ልንገርህ።


ቀጭን ፒክ፦

እኔ አሁንም ብሉዝ ጁኒየር ነው የምለው። ንጹሕ አይደለም ካላችሁ የመጀመሪያውን 12ኤኤክስ7 ቲዩብ አውጥቶ በ12ኤዋይ7 ወይም በ5751 ይተካው። አንድ ቲዩብ ነው። ድምፁ ወዲያው ንጹሕ ይሆናል፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።


አሮጌ ብየዳ፦

ቀጭን ፒክ፣ ምክርህ ግማሽ መንገድ ድረስ ልክ ነው። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት ልኩ 100 ነው፣ የ5751 70፣ የ12ኤቲ7 60፣ የ12ኤዋይ7 ደግሞ 40 ገደማ። ዝቅ ያለውን ስትሰካ ወደ ኃይል ቲዩቦቹ የሚደርሰው ምልክት ይቀንሳል። ከዚያ የቮልዩም ማዞሪያው 3 ላይ ይሻክር የነበረው 5 ላይ ይሻክራል። በሁለቱም ጊዜ ግን ከስፒከሩ የሚወጣው የድምፅ መጠን ያው ነው! ጣሪያውን የሚወስኑት የኃይል ቲዩቦቹ፣ ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ ናቸው። የፊተኛውን ቲዩብ መለወጥ ጣሪያውን አያነሣውም፤ ማዞሪያውን ያለሰልሰዋል እንጂ።

የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ጠንካራ ሃምበከር የፊተኛውን ቲዩብ ራሱን የሚያጨናንቅ ከሆነ፣ ሻካራው ከመጀመሪያው ስለሚጀምር ማስተር ብትከፍትም አይጠራም። ያኔ ቲዩቡን መለወጥ ይረዳል። ከዚያ በፊት ግን ነጻ የሆነውን ሞክር፤ ፒካፑን በጠመዝማዛ መፍቻ ከክሩ ትንሽ አርቀው፣ የጊታሩን ቮልዩም ከ10 ወደ 8 ዝቅ አድርገው። ሆት ሮድ ዴሉክስን የመሰሉ ሁለት መግቢያ ያላቸው ከሆኑ ደግሞ ቁጥር 2 ላይ ሰካ፤ ምልክቱን በግማሽ ይቀንሰዋል።

የባስ ማዞሪያውንም ዝቅ አድርግ። ኃይሉን የሚበላው ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ባስ ተጫዋች ካላችሁ ያ ድምፅ የእሱ ድርሻ ነው፤ አንተ ስትተወው ለአንተም ሰፊ ቦታ ይከፈትልሃል።


ስድስት ክር፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎን አልመለስኩም ነበር፤ ድራመራችን የሚፈልጥ ነው። እንግዲህ ወደ ሆት ሮድ ዴሉክስ እያዘነበልኩ ነው፤ ያገለገለ አንድ አግኝቻለሁ፣ ባለ «ሦስት» እትም ነው። ልሞክረው ልሄድ ስለሆነ ምን ምን ልይ? ስለ ውስጡ ምንም አላውቅም።


የማታ ልምምድ፦

የጆሮውን ፈተና እኔ ልንገርህ፣ የውስጡን ጋሼ ይጨርሱታል።

የራስህን ጊታር ይዘህ ሂድ፤ የሻጩ ጊታር ያታልልሃል። ባስ 3፣ ሚድል 6፣ ትሬብል 5 ላይ አድርግ፣ ሪቨርቡን ዝጋው። ሪቨርብ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከዚያ ነጠላ ኖታ አትጫወት፤ ነጠላ ኖታ ቢሻክር እንኳ ወፍሮ ደስ የሚል ሆኖ ነው የሚሰማው። በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ሁለት ኖታ አንድ ላይ ያዝ፤ ለምሳሌ በአምስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ዶና በአራተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ሚ። አንድ ላይ ጠንከር አድርገህ ምታቸው። ንጹሕ ከሆነ ሁለት ድምፅ ትሰማለህ። ጣሪያው ተነክቶ ከሆነ ከሥር ያልነካኸው ሦስተኛ ድምፅ ያጉረመርማል። ያንን ስትሰማ ቮልዩሙ የት እንደነበር ልብ በል፤ የንጹሕ ድምፅህ መጨረሻ እዚያ ነው።

ደግሞም ከፊቱ ቁጭ አትበል፣ ጥቂት ሜትር ራቅ ብለህ ቁም። ወለል ላይ የተቀመጠ አምፕሊፋየር ለጉልበትህ ነው የሚጫወተው፤ ትሬብሉ ጆሮህ ዘንድ ስለማይደርስ ትጨምራለህ፣ ከፊት ያለው ሰው ደግሞ ይሰቃያል። ወንበር ላይ አውጥተህ ስማው። ቅዳሜም እንዲሁ አድርግ፣ ለራስህ የሚያስፈልግህ የድምፅ መጠን ይቀንሳል።


አሮጌ ብየዳ፦

እህታችን የሁለቱን ኖታ ነገር በደንብ አድርጋ ነገረችህ። እኔ የማክልልህ ይህ ነው።

ከመሰካትህ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት አንብብ። 120 ቮልት ተብሎ የተሠራ አምፕሊፋየር 230 ቮልት ላይ ከተሰካ ደግነት የሚያደርግልህ ፊውዙ ብቻ ነው። በማውረጃ ትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል፤ ትራንስፎርመሩ ግን አምፕሊፋየሩ ከሚስበው ኃይል በደንብ የሚበልጥ ይሁን። የሚስበው ኃይል ከሚሰጠው ዋት ጋር አንድ አይደለም፤ ባለ 40 ዋቱ ከመስመር የሚስበው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። እሱም ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ካበራኸው በኋላ ምንም ሳትጫወት አዳምጥ። ትንሽ ሽሽታ ያለ ነው። ወፍራም እምምታ ከበዛ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) አርጅተው ሊሆን ይችላል፤ ሊጠገን ይችላል፣ ከዋጋው ግን ይቀነስ። በእርሳስ ጫፍ ትናንሾቹን ቲዩቦች በቀስታ ኳ ኳ አድርግ። አንዱ በስፒከሩ ውስጥ እንደ ደወል ከጮኸ ያ ቲዩብ ይለወጣል። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዙር፤ መንኮሻኮሽ ቆሻሻ ነው፣ በማጽጃ ይለቃል። ትልልቆቹን ቲዩቦች መብራቱን ቀንሰህ ተመልከታቸው። በመስታወቱ ላይ ሰማያዊ ጭላንጭል ቢታይ አያሳስብም። ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት ራሱ ቀይ ሆኖ ከጋለ ግን አጥፋው፣ ሒድ።

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ። በታተመ ሰሌዳ ላይ በተሠሩ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ትልልቆቹ ሬዚስተሮች ሲግሉ ከሥራቸው ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ምልክቱ ሲሞቅ ብቻ ነው የሚታየው። ድምፁ ይጠፋና ሲመቱት ይመለሳል። ሻጩ «ገና ነው የተበራው፣ ይበቃል» ብሎ ካጣደፈህ አንተ አትጣደፍ።

የኃይል ቲዩቦቹ መቼ እንደተለወጡ ጠይቅ። 6ኤል6 ሲለወጥ የሚፈስሰው ጅረት መስተካከል አለበት፤ ብዙ የቮክስ ኤሲ አምፕሊፋየሮች ግን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህን አይጠይቁም።

በመጨረሻም፣ በምንም ምክንያት ውስጡን ራስህ አትክፈት። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለም አታብራው፤ መውጫ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው።


ቀዝቃዛ ሽቦ፦

ትራንዚስተር ይህ ሁሉ የለበትም ብዬ ልሂድ።


ስድስት ክር፦

ገዛሁት። ሻጩ ከማጣደፍ ይልቅ ሻይ አፈላልኝ፤ ግማሽ ሰዓቱ አልፎ ሄደ። አንዱ ትንሽ ቲዩብ በእርሳስ ሲነካ ስለጮኸ ዋጋ ቀነሰልኝ።

የማታ ልምምድ ያለችውን ሁለት ኖታ አምስተኛው ክር ላይ ሞከርኩ። በቴሌካስተሩ እስከ 5 ድረስ ምንም ጉርምርምታ አልነበረም፤ እዚያ ላይ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ መነጋገር አይቻልም። በሃምበከሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀመረ፤ መግቢያ 2 ላይ ስሰካው ጠራ። ቅዳሜ ወንበር ላይ አውጥቼው ከ4 በታች ነበርኩ፣ ድራመሩ ሲምባሉን ሲፈልጠውም ጊታሬ ይሰማኝ ነበር። ክሩን በስሱ ስነካው ደግሞ ድምፁ ከእጄ ሥር ነው የሚወጣው።

የቀረኝ ማታው ነው። እትሙ የኋለኛው ቢሆንም ለመኝታ ቤት አሁንም ትልቅ ነው። መፍትሔ አለው ወይስ ለቤት ትራንዚስተሩን ላስቀር?


ደወል፦

ትራንዚስተሩን አትሽጠው፤ ለማንኛውም ይጠቅምሃል። ግን ከመተውህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። አምፕሊፋየሩ ላይ «ፕሪአምፕ አውት» እና «ፓወር አምፕ ኢን» የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። በመካከላቸው የቮልዩም ፔዳል ወይም አንድ ማዞሪያ ብቻ ያላት ትንሽ ሳጥን አስገባ። ከዚያ የፊቱን ቮልዩም 3 ወይም 4 ላይ ትተህ፣ የክፍሉን መጠን በሳጥኗ ትቆጣጠራለህ። ማዞሪያው በፀጉር ስንጥቅ መካከል መፈለጉ ይቀራል።


ስድስት ክር፦

ሞከርኩት፣ ሠራ። ማታ ማታ የሚሰማው ድምፅ የቅዳሜውን ያህል አየር የለውም፣ ግን እጄ ሥር ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ ብየዳ። ጓደኛዬ ባለ 8 ኦም፣ 12 ኢንች ስፒከር ብቻ ያለው፣ አምፕሊፋየር የሌለው ሳጥን ሊያውሰኝ ነው። ከውስጠኛው ስፒከር ጋር አብሬ ልጠቀምበት እችላለሁ?


አሮጌ ብየዳ፦

ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። የአምፕሊፋየርህ ጀርባ ወይም መመሪያው 4 ኦም ይቻላል ካለ ሰካ፤ ካላለ አትሞክር። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መጠቀም ግን ይቻላል፦ አምፕሊፋየሩን አጥፍተህ የውስጠኛውን ነቅለህ የውጭውን በዚያው ዋና መውጫ ላይ ሰካው፣ ከዚያ አብራ። የጓደኛህ ስፒከር የሚችለው ዋት ከ40 በላይ መሆኑን፣ የዴሲቤል ልኩም ስንት እንደሆነ ከጀርባው አንብብ፤ 100 ካገኘህ አትመልስለት።

ገመዱን ደግሞ እንዳትሳሳት። የጊታር ገመድ በመልኩ ከስፒከር ገመድ ጋር አንድ ነው፣ ጫፉም ይገባል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ቀጭን ነው። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደው ለስፒከር ተብሎ የተሠራው፣ ሁለት ወፍራም ሽቦ ያለው ብቻ ነው።